ጠራዡ ዝም ሲል

ፖርት ሊንከን፣ ማርች 9

ይድረስ ለአቶ ቪሊያሜ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ውሸት ስለሚሆን አለሁ ብቻ ብዬ ልለፈው። የላኩልኝ የሐዘን ካርድ ደርሶኛል። ከፊጂ የመጣ ፖስታ አይታ ስለማታውቅ ፖስተኛዋ ራሷ በር አንኳኩታ ሰጠችኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ትምህርቴም ያን ያህል አይደለም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቱና ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ለምን ስልክ እንደማልደውል ጠይቀውኛል። ስልክ ላይ አለቅሳለሁ፤ ሳለቅስ ደግሞ የሚባለኝን አልሰማም። በወረቀት ከሆነ ብዕሩን አስቀምጬ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ። ኢሜይል የሚያይልኝ ልጄ ሎክላን ነበር።

እንዴት እንደሞተም ጠይቀዋል። ባሕር ላይ በመረብ አጥር ውስጥ ለሚረቡት ቱናዎች መኖ የምታደርሰው ጀልባ ላይ አንድ ክሬን አለ። ክሬኑን የሚያዝዘውን ፕሮግራም የጻፈው ልጄ ነው። አዲሱን እዚሁ ክፍሉ ውስጥ ጨርሶ፣ በማግስቱ ጠዋት ወስዶ ጀልባዋ ላይ ጫነው፤ አብሯቸውም ወጣ። ባሕሩ ላይ ሳሉ ፕሮግራሙ ቆመ። የክሬኑ ክንድ የመኖ ጆንያ እንደተሸከመ ወረደ። ሎክላን ከሥሩ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምክንያቱ «ሟቹ ራሱ በጻፈው መስመር ውስጥ ያለ ስህተት» ነው ይላል፤ የመስመሩን ቁጥርም አስቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ አንዲት ጎረቤቴ ልታጽናናኝ ብላ፣ «ምስኪን፣ የገዛ ሥራው በላው» አለችኝ። የያዝኩትን የሥጋ ፓይ መልሼ አስቀምጬ ወጣሁ።

መስመሩን ያገኙት «ጠራዡ» በሚባል መሣሪያ ነው ተብሏል። ሎክላን ይህን መሣሪያ ከእርስዎ ጋር፣ ሳትተያዩ፣ ያለ ደመወዝ፣ ባሕር አቋርጣችሁ እየተጻጻፋችሁ እንደሠራችሁት ነግሮኛል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። መሣሪያችሁ ሊሳሳት ይችላል ወይ? ስህተቱ በእርግጥ የልጄ ከሆነ ይንገሩኝ፤ እችለዋለሁ። ካልሆነ ግን ያላጠፋውን ይዞ አይቀበርም። የአሟሟቱን ምክንያት የሚያጣራው መርማሪ ዳኛ መዝገቡን የሚዘጋው በጁላይ መጨረሻ ነው።

አክባሪዎ፣
ኖሊን

―――

ሱቫ፣ ማርች 30

ውድ አክስቴ ኖሊን፤

የጓደኛን እናት ከአክስት በታች መጥራት እኛ አገር ነውር ነውና በዚሁ ይፍቀዱልኝ። እኔንም አንተ ይበሉኝ። ለመዘግየቴ ይቅርታ፤ አውሎ ነፋሱ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣራ ይዞት ስለሄደ ፖስታ ቤቱም ተዘግቶ ነበር። እኛ ደህና ነን።

ጠራዡ ሊሳሳት ይችላል ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ እንደምንም ላስረዳ። ሰው የጻፈው ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲገለበጥ የጻፈው ቃል ይጠፋና ቁጥር ብቻ ይቀራል። የትኛው ቁጥር ከየትኛው መስመር እንደመጣ የሚናገሩት ማስታወሻዎች ግን ተቆራርጠው በየቦታው ይቀመጣሉ። ብዙ ናቸው። ጠራዡ እነዚያን ቁርጥራጮች ለቅሞ እንደ መጽሐፍ አንድ ላይ ይጠርዛቸዋል። ሥዕልም የሚነካ ነገርም የለውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ ይሠራል። ፕሮግራም በድንገት ሲሞት የሚተወው የቁጥር ክምር ነው፤ ጥራዙ ከሌለ ያን ክምር ማንም አያነበውም።

አሁን ዋናው ነገር። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ከፕሮግራሙ ጋር የሚያመሳስለው መለያ ቁጥር አለው። ፕሮግራሙ እንደገና ከተገለበጠ የቁርጥራጮቹ ስም ያው ሆኖ ቁጥራቸው ይለወጣል። ካልተመሳሰለ ጠራዡ አልጠርዝም ይላል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ፤ ከአደጋው በኋላ ፕሮግራሙን እንደገና ገልብጠውታል ወይ? ለጠራዡስ የጻፉለት ትእዛዝ ምን ነበር? አንድ ፊደል ሳይጎድል ይገልብጡልኝ።

ሎክላን ስለ እርስዎ ይጽፍልኝ ነበር። በአብዛኛው ስለ ሾርባዎ ነው።

ቪሊያሜ

―――

ፖርት ሊንከን፣ ኤፕሪል 21

ውድ ቪሊያሜ፤

እንግዲህ አንተ ካልከኝ አንተ እልሃለሁ። ጣራው ተሠራ? ስለ ሾርባው የጻፈውን አትንገረኝ፤ ጨው ይበዛዋል ብሎ እንደሚሆን አውቃለሁ።

መለያ ቁጥሩን ደግመህ እንዳታስረዳኝ፤ ገብቶኛል። የቱና ቆርቆሮ ላይ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ክዳኑ ላይ የተመታው የምድብ ቁጥር ግን ይለያያል። አንዱ ምድብ ሰው ካሳመመ ሌላውን ከፍተህ ብትመረምር ምንም አታገኝም።

መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ነበር። ሦስት ጊዜ ኃላፊው የለም ተባልኩ። በአራተኛው መኪናው መቆሚያው ላይ ስለነበር የለም ማለት አልቻሉም። ኃላፊው ጋቪን ይባላል፤ ልጅ ሳለ ግቢያችን ውስጥ ኳስ ሲጫወት መስኮት ሰብሮብኛል። ሻይ ልቅዳልሽ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት። እንደገና ገልብጣችሁታል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ገልብጠነዋል አለ፤ እንዲያውም ለምን እንደጠየቅሁት ገርሞት ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ አሮጌውን ጠርጎ ሁሉንም እንደ አዲስ መገልበጥ የሁልጊዜ ልማዳቸው ነው። «እጅ እንደ መታጠብ በይው፣ ኖሊን» አለኝ።

«ሬሳውን ሳያይ እጁን የሚታጠብ ሐኪም እናንተ ጋ ነው ያየሁት» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰብሮት የሚያውቀው መስኮት ይመስል ብዙ አየው። ከዚያ ትእዛዙ ያለበትን ገጽ አትሞ ሰጠኝ፤ እኔም አንድ ፊደል ሳላጎድል በሌላ ወረቀት ገልብጬልሃለሁ። መጨረሻው ላይ ከሁለት ሰረዝ ቀጥሎ «አስገድድ» የምትል ቃል አለች። ይህቺ ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው «ያለሷ እሺ አላለንም» አለኝ።

ቪሊያሜ፣ እሺ ያላለውን እሺ የምታሰኝ ቃል ማን ነው መሣሪያው ውስጥ የከተታት? ሎክላን አይሆንም። ያ ልጅ ጥንዱ ያልሆነ ካልሲ ከሚያደርግ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ እየመለስኩት ስንት ጠዋት አርፍጃለሁ።

ኖሊን

―――

ሱቫ፣ ሜይ 11

ውድ አክስቴ ኖሊን፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ከተቀበልኩ ቆይቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ።

ያቺን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከየአገሩ ሰዎች በየቀኑ ይጽፉልን ነበር፤ ጠራዣችሁ ግትር ነው፣ ትንሽ ካልገጠመ ይቆማል፣ ሥራ አስፈታን እያሉ። ቃሏን ጽፌ ለሎክላን ላክሁለት። የመለሰልኝ ይኸው፦ «ካልገጠመ አልገጠመም። የማይገጥም ማስታወሻ ከጠፋ ማስታወሻ ይከፋል፤ ሰው ያምነዋል።» እኔም፣ አንተ ሰውዬ ከመነኩሴ ትብሳለህ ብዬ ጻፍኩለት። ተኳረፍን። ያስታረቀን ራግቢ ነው፤ የእኛ ቡድን የእናንተን ሲያሸንፍ ሊሰድበኝ ጻፈልኝ። ቃሏ ግን እንደገባች ቀረች።

ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ያለው መስመር ምንም ላይሆን ይችላል። የአንዱን ምድብ ክዳን ሌላው ላይ ገጥመው ያነበቡት ነው። ላይሆን ይችላል አልኩ እንጂ አይደለም አላልኩም፤ ትክክለኛዎቹ ቁርጥራጮች ሳይታዩ እኔም መማል አልችልም። እነሱ ያሉት ሎክላን ፕሮግራሙን የገለበጠበት ቦታ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ላይ። ማንም እንዳያጸዳው፣ ማንም እንዳይሸጠው። ወይ በፖስታ ይላኩልኝ፣ ወይ በሌላኛው ወረቀት ላይ በቁጥር ያስቀመጥኳቸውን ትእዛዞች እርስዎ ራስዎ ይጻፉ። ያቺን ቃል አይጻፏት።

ቪሊያሜ

―――

ፖርት ሊንከን፣ ጁን 2

ይድረስ ለአቶ ቪሊያሜ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስላልዋሹኝ አመሰግናለሁ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ቢኖረኝም ወረቀቱ አይችለውም።

ኮምፒውተሩን በፖስታ አልክም። እህቴ ከአደሌድ የላከችልኝ የገና ኬክ የደረሰኝ ዱቄት ሆኖ ነው። የእህቴ ባል ደግሞ ገዢ አግኝቼለታለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።

መክፈቻ ቃሉን አውቀው እንደሆነ ጠይቀዋል። የውሻችን ስም ነው። «ቢስኪት» ብሎ መላው ከተማ ያውቀዋል፤ እኔም ለሎክላን ይህንኑ ስነግረው ይስቅ ነበር።

ያሉኝን አደረግሁ። ከመርማሪው ዳኛ ቢሮ ለቤተሰብ የሚሰጠውን ፍላሽ ተቀብያለሁ፤ ፕሮግራሙ ሲሞት የተወው የቁጥር ክምር እሱ ላይ አለ። ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። የእርስዎን ወረቀት በግራ፣ መነጽሬን በአፍንጫዬ፣ አንድ ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። አንድ መስመር ጽፌ ሳልጨርስ የጣድኩት ሾርባ አረረ። የጻፍኩትን በሌላ ወረቀት ገልብጬልዎታለሁ፤ መልሱም እንዳለ ይኸው፦ «የተባለው ነገር የለም።»

የቱ ነገር? የት የለም? መሣሪያዎ እንደ ጋቪን ነው፤ የለም ብሎ በሩን ይዘጋል። እንደገና ጻፍኩ፤ የለም። ከፊደሎቹ አንዱን ትልቅ አድርጌ ሞከርኩ፤ የለም። ይህን ጽፌ እስክልክ፣ እርስዎ አንብበው እስኪመልሱ፣ አንድ ወር ይሄዳል። ዳኛው ደግሞ አይጠብቅም። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። የልጄ ጠረጴዛ ስለሆነ መልሼ ጠረግሁት።

ኖሊን

―――

ሱቫ፣ ጁን 17

ውድ አክስቴ፤

እርስዎ መባሌ ይገባኛል፤ አልከራከርም።

እንደገለበጡት ከሆነ ከነጥቡ በኋላ አንድ ክፍት ቦታ ትተዋል። ነጥቡና ቀጣዩ ፊደል መነካካት አለባቸው፤ ከተለያዩ ሁለት ነገር ያነሱ ይመስለዋል። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ እኔ በእጅ ስጽፍ አራርቄ ስለምጽፍ ነው። አሁን ክፍት ቦታ በሚያስፈልግበት ሁሉ ቀይ መስመር አስምሬያለሁ። ቀይ ከሌለ ያያይዙት።

ይህን በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። ቃሏንም ዛሬ ጠዋት ከመሣሪያው አወጣኋት። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከሁለት አገር ስድብ ደርሶኛል።

ቪሊያሜ

―――

ፖርት ሊንከን፣ ጁላይ 3

ይድረስ ለአቶ ቪሊያሜ፤

ቀዩን መስመር አይቼ፣ ነጥቡን ከፊደሉ አያይዤ፣ ሦስት ጊዜ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቼ ጻፍኩ። ተጫንኩት። ምንም አላለም።

የለም እንኳ አላለም። መስኮቱ አንድ አፍታ ቆሞ ቀጣዩን ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ዓይኑን ማርገብገብ ጀመረ። ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ፤ ያው ነው። ያኛው ቢያንስ መልስ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ማለት ምን ማለት ነው?

እንዳይቀየሙኝና፣ ደክሞኛል። ቀሪውን ትእዛዝ አልጻፍኩም፤ ያልሆነ ነገር ላይ ምን እጨምራለሁ? ጋቪን ትናንት ገበያ ላይ አግኝቶኝ ትከሻዬን ይዞ፣ «ኖሊን፣ ልቀቂው እንግዲህ፤ ራስሽን ነው የምትጎጂው» አለኝ። በክፋት አይደለም። በክፋት ቢሆን አልደነግጥም ነበር፤ እውነቱን ይሆን እንዴ ብዬ አደርኩ።

ክፍሉ ብርድ ነው። ማሞቂያውን ማብራት አልፈልግም፤ ብርድ ልብሱ የሱ ሽታ ስላለው ለብሼው እቀመጣለሁ። ሽታው እየሳሳ ነው።

ኖሊን

―――

ሱቫ፣ ጁላይ 12

አክስቴ ኖሊን፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ይህን ወደ አደሌድ የሚበር ዘመዴ በእጁ ይዞት ከዚያ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ዝም ካለ፣ ሆኗል ማለት ነው።

ልነግርዎ ይገባ ነበር፤ በእኛ ሥራ ይህን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ረሳሁት። ትእዛዝ የሚጻፍላቸው መሣሪያዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ የሚናገሩት ሲቸገሩ ነው። በዚህ ደግሞ ሎክላን ከሁሉም ይብስ ነበር። አንድ ጊዜ እኔ «በሚገባ ተጠርዟል» የሚል መልእክት ባስገባበት ሰረዘው። «የተሳካለት ነገር ምን ያስለፈልፈዋል?» አለኝ።

ሁሉም ቁርጥራጮች ገጥመዋል። ቁጥራቸው አንድ ነው። ጥራዙ አሁን ፍላሹ ላይ፣ ከቁጥር ክምሩ አጠገብ ተቀምጧል። ቀሪውን ትእዛዝ ይጻፉ። የሚያወጣውን መስመር ከነዙሪያው እንዳለ ይገልብጡት፤ ለእኔ ከመላክዎ በፊት ግን ለዳኛው ይስጡት።

ምን እንደሚል አላውቅም። ጥሩ ይሁን ብዬ አልጸለይኩም፤ እውነቱ ይሁን ብያለሁ።

ቪሊያሜ

―――

ፖርት ሊንከን፣ ኦገስት 4

ውድ ልጄ ቪሊያሜ፤

እንደምን አለህ? እናትህስ፣ ጣራውስ? ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ እናትህ አለመጠየቄን አሁን ሳስበው አፈርኩ። ሰላም በልልኝ።

ዘመድህ አደሌድ ያስገባው ደብዳቤ ጁላይ 22 ደረሰኝ። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ክፍሉ ገብቼ ቀሪውን ትእዛዝ ጻፍኩ። አሁን መሣሪያው ተናገረ። ሪፖርቱ ላይ ያለው መስመር አይደለም። ሌላ መስመር ነው፤ ሌላ ገጽ ላይ። እሱንም የጻፈው ሎክላን ነው።

መቼም ያን ጊዜ ልቤ ምን እንደሆነ አልነግርህም። የሱ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከነዙሪያው ይገልብጡት ስላልከኝ መገልበጥ ጀመርኩ፤ ከመስመሩ በላይ ለሰው ብሎ የጻፋት ማስታወሻ አለች። እንዲህ ትላለች፦

«ሁለቱ ሚዛኖች ካልተስማሙ አትገምት። ቁም።»

ክንዱ ላይ የተሸከመውን የሚመዝኑ ሁለት ሚዛኖች አሉ። ያን ጠዋት አንዱ ሌላ፣ አንዱ ሌላ ተናገሩ። ፕሮግራሙ አልሞተም፤ ቆመ። ቁም ስላለው ቆመ።

ኮምፒውተሩ ከክፍሉ አይወጣም ስላልኩ የዳኛው ጸሐፊ ራሱ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ሁሉንም እንደገና፣ በራሱ እጅ፣ እኔ እያየሁት ጻፈ። አንድ ቦታ ላይ የለም አለው፤ ከነጥቡ በኋላ አያይዘው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና አያያዘው። ዝም ሲለውም ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፤ ሆኗል፣ ተወው አልኩት።

መዝገቡ አልተዘጋም። ጁላይ 31 ቀን ሁላችንም ተጠራን። ጋቪን ተነሥቶ፣ ወይዘሮዋን እናከብራለን፣ ሆኖም አዲሱም መስመር ቢሆን የሟቹ ነው አለ። ዳኛው የምለው እንዳለኝ ጠየቁኝ። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

«አዎ፣ የልጄ ነው» አልኩ። «ቁም ብሎ የጻፈው እሱ ነው፤ ቆመለትም። ክሬኑ ሲቆም ክንዱን ይዞ መቅረት የማን ሥራ ነው?»

ጋቪን የፍሬኑ አለ። ዳኛው፣ ፍሬኑን ለመጨረሻ ጊዜ ማን መረመረው ብለው ጠየቁ። ጋቪን አጠገቡ ወደተቀመጠው የጀልባዋ መካኒክ ዞረ፣ መካኒኩ ወደ ጋቪን ዞረ። ፍሬኑ ተፈትቶ እንዲመጣ ታዘዘ፤ እስከዚያ ቀጠሮ ነው። ሪፖርቱ ላይ የነበረችው «ሟቹ ራሱ» የምትለው ቃል ግን ያን ቀን ወጣች። ጸሐፊው ሲሰርዛት አየሁ።

ደስ አለዎት ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አላለኝም። ተናድጃለሁ። ስድስት ወር ሙሉ የፍሬን ነገር ሳይጠየቅ፣ ከተማው ሁሉ በልጄ ላይ ጣቱን ሲቀስር ከረመ። ዳቦ ቤት ያገኘኋት ጎረቤቴ ወሬውን ሰምታ ራሷ የጋገረችውን ፓይ ይዛልኝ መጣች። ገና ሙቅ ነበር። ተቀበልኳት፤ ግቢ ግን አላልኳትም። ምናልባት በሚቀጥለው እላት ይሆናል።

ስለዚያች ቃል። ማውጣትህን ጽፈህልኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ስላኮረፍኩህ አልመለስኩልህም። የሚሰድቡህ አሁንም ይሰድቡሃል? ይስደቡህ። አትመልሳት።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። የመጨረሻዋ ምሽት ላይ ሎክላን ከክፍሉ ወጥቶ ሾርባውን በላ። ሳህኑን አጠበ። አንድ ቃል ሳይናገር ግንባሬን ስሞኝ ሊተኛ ገባ። እኔም ምን አስቀየምኩት እያልኩ ተብሰለሰልኩ፤ ስለ መኪናው ጎማ ስለነዘነዝኩት ይሆን፣ ጨው በዝቶበት ይሆን። ጠዋት እጠይቀዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ስነሣ ወጥቷል። ይህን ሁሉ ወር ስሸከመው የከረምኩት ያን ዝምታ ነው፤ ከሪፖርቱም ይከብድ ነበር።

ደብዳቤህን ቆሜ ሳነብ ያ ምሽት መጣብኝ። ያን ማታ እኮ ፕሮግራሙን ጨርሶ መውጣቱ ነበር። ሁሉም ገጥሞለት ነበር።

እኔ ግን እንደሱ አይደለሁም፣ ቪሊያሜ። እኔ ዝም ካልኩ አልሆነልኝም ማለት ነው። ስለዚህ ከእኔ ወረቀት ሲጠፋ ደህና ናት ብለህ እንዳትቀመጥ፤ ጻፍልኝ። ስለ ሾርባዬ የጻፈልህንም አሁን ልትነግረኝ ትችላለህ።

እናትህ፣
ኖሊን